ፊትሽንም ጨምሪበት

ሰኞ፣ መስከረም 13 ቀን 2017፤ ጆሃንስበርግ

ዛሬ ዓለም አቀፍ የምልክት ቋንቋዎች ቀን ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ልጄና ጓደኛዋ ምልክት የሚያስተምር የጭፈራ ቪዲዮ ሊቀርጹ ከጠዋት ጀምሮ ሳሎኑን ይዘውታል። ዘፈኑ አማፒያኖ ነው። ጓደኛዋ መስማት የተሳናት ናት፤ መዳፏን ስፒከሩ ላይ አሳርፋ ምቱን እየያዘች ትመራለች። መዳፍ ከአገጭ ተነስቶ ወደፊት፦ «አመሰግናለሁ»። ከዚያ እግር፣ ከዚያ ወገብ፣ ከዚያ ያው ምልክት እንደገና። በሥዕል አይተው የሚረሱትን ቃል በምት ሲደጋግሙት እጃቸው ይለምደዋል።

ማክሰኞ፣ መስከረም 14

የቅርስ ቀን ስለሆነ ሱቅ አልከፈትኩም። የትናንቱን ቪዲዮ ጓደኛዋ አልወደደችውም። ልጄ «ስምሽ ማን ነው?» ስትል እጇ ትክክል ነው፤ ፊቷ ግን ዝም ብሎ ይስቃል። በምልክት ቋንቋ ቅንድብም ሰዋስው ነው። «ማን? የት?» ሲባል ይቋጠራል፤ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ለሆነ ጥያቄ ከፍ ይላል። እንደገና ይቀረጽ አለች፤ ደግ አደረገች። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 እዚሁ ከተማ፣ ኤፍኤንቢ ስታዲየም፣ በማንዴላ መታሰቢያ ላይ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ተብሎ የቆመው ሰው እጁን ሲያወናጭፍ ለእኛ ለምንሰማው የሚያስተረጉም ነበር የመሰለን። ትርጉም የለሽ መሆኑን ያጋለጡት መስማት የተሳናቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2023 ጀምሮ የደቡብ አፍሪካ የምልክት ቋንቋ 12ኛው የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ነው። ስህተት የሚያዩት ግን መስማት የተሳናቸው ስለሆኑ የቪዲዮው የመጨረሻ ቃል የዚህች ልጅ ይሁን።

ቅዳሜ፣ መስከረም 18

ሱቄ ያለበት ጄፒ ግርግር ነው። ልጆቹ ሱቄ ውስጥ ሊቀርጹ መጡ። ቲክቶክ ላይ በስተቀኝ የሚደረደሩት ምልክቶች እጅ እንዳይሸፍኑ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ይቆማሉ፤ እጃቸው ጎልቶ እንዲታይም ከኋላቸው የተሰቀለውን አበባ በአበባ ብርድ ልብስ አስነሱኝ። የዛሬው ትምህርት ቁጥርና «ስንት ነው?» ነው። መስማት ለተሳነው ደንበኛ እስከ ዛሬ ዋጋ የምናሳየው በካልኩሌተር ነበርና ለመንገዳችን ከዚህ የሚቀድም ቃል የለም።

የጎረቤት ሱቅ ልጆች የአገር ቤቱስ እንደዚሁ ነው ወይ አሉ። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ራሱን የቻለ ሌላ ነው። በጣት ፊደሉ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን፣ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ይናገራል፤ ለጭፈራ እንዴት ይመቻል! ይህን ሲሰሙ እስክስታ ካልገባበት አንጨፍርም አሉ። ጓደኛዋ አሳዩኝ ብላ ትከሻቸውን አየች፤ ወደደችው። ግን ከ«ስንት ነው?» በኋላ እንጂ አብሮ አይሁን አለች፤ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ምልክቱ አይነበብም። አሁን አራት ምት ለእጅ፣ አራት ምት ለእስክስታ ተካፍለው እየተለማመዱ ነው።