ጁላይ 2061 ቀጠሮ አለን

እኛ በሁለት ጅራታም ኮከቦች መሃል የወደቅን ልጆች ነን። የሃሌይ ኮሜት በ1986 መጥቶ ሲሄድ እናቶቻችን ተማሪዎች ነበሩ። ሄል-ቦፕ በ1997 ለወራት በዓይን ሲታይ ደግሞ ከእኛ ገሚሱ አልተወለደም፣ ገሚሱ ጡጦ ላይ ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልን።) ሃሌይ መቼ ይመለሳል ብለን ብንጠይቅ፣ ጁላይ 2061 ተባልን። ያኔ ስድሳ ዓመት ይዞናል።

ለምን ይህን ያህል ይቆያል? ሶሻል መርጠን ፊዚክስን ከአስረኛ ክፍል ጋር የተሰናበትን ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ነገሩን ለመረዳት አንድ ሳምንት ፈጀብን።

ድንጋይ ወደ ላይ ወርውሩ። እየወጣ ሲሄድ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወርዳል። ኮሜትም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ወደ ጎንም ስለሚሄድ ፀሐይ ላይ አይወድቅም፣ ዞሯት ተመልሶ ይርቃል። ሃሌይ ፀሐይ አጠገብ ሲደርስ በሰከንድ 54 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከንፋል። ሲርቅ የፀሐይ ስበት ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ከኔፕቱን ምህዋር ወዲያ፣ መሬት ከፀሐይ ካላት ርቀት 35 እጥፍ ላይ ሲደርስ በሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም። ስለዚህ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው እኛ በማናየው ጨለማ ውስጥ፣ እየተንቀራፈፈ ነው። በዲሴምበር 2023 እዚያ ዳር ደርሶ ወደ ፀሐይ መመለስ ጀምሯል። እኛ ያን ሰሞን ሲቪ እያባዛን ሥራ ፍለጋ ላይ ነበርን።

መንገዱ ላይ ግን ሌሎችም አሉ። ጁፒተር ብቻውን መሬትን 318 ጊዜ ያክላል፤ በክብደት ማለታችን ነው። አንዱን ኮሜት ስቦ ያፈጥነዋል፣ ሌላውን ስቦ ያዘገየዋል። ሩቅ የሚሄድ ኮሜት ደግሞ ፀሐይ የያዘችው በቀጭን ገመድ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ ትንሽ ሲነካ ዙሩ በብዙ ዓመት ይለወጣል። ሄል-ቦፕ በ1996 ጁፒተር አቅራቢያ ሲያልፍ፣ 4,200 ዓመት ገደማ የነበረው ዙሩ ወደ 2,500 ገደማ አጠረ። የሃሌይም አንዴ 74፣ አንዴ 79 ዓመት ይሆናል።

ኤድመንድ ሃሌይ በ1705 የ1531፣ የ1607 እና የ1682 ኮሜቶች አንድ ናቸው ብሎ ጻፈ፤ በ1758 ይመለሳልም አለ። ሳያየው በ1742 ሞተ። ጊዜውን አጥብቦ ለመናገር የጁፒተርንና የሳተርንን ጉተታ ደረጃ በደረጃ ማስላት ያስፈልግ ነበር። ይህን ፓሪስ ውስጥ ሦስት ሰዎች ሠሩት፦ አሌክሲ ክሌሮ፣ ዠሮም ላላንድ እና ኒኮል-ረን ለፖት የምትባል ሴት። ስድስት ወር ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ፣ አንዳንዴም ገበታ ላይ ሆነው በእጅ አሰሉ። ኮሜቱ ከቀድሞው ዙሩ 618 ቀን ይዘገያል፤ 518ቱ በጁፒተር፣ 100ው በሳተርን ምክንያት። ፀሐይ አጠገብ የሚደርሰው በ1759 ኤፕሪል አጋማሽ ነው፣ ብንሳሳት በአንድ ወር ነው አሉ። ማርች 13 ደረሰ።

ክሌሮ ለፖትን መጀመሪያ አመስግኗት ነበር። በኋላ ግን ስሟን ከመጽሐፉ አወጣው።

እዚህ ላይ ስንደርስ ሦስታችንም ዝም አልን። እኛም ለልምምድ በገባንበት አንድ ቦታ ሳምንት ሙሉ እያመሸን የሠራነው ዘገባ በሌላ ሰው ስም ወጥቷል። ስንጠይቅ «ልምድ አገኛችሁበት አይደል?» ተባልን። አዎ፣ አግኝተናል።

ለፖትን ያተረፋት ላላንድ ነው። እሷ ባትኖር ያንን ሁሉ ሒሳብ ለመጀመር እንደማይደፍሩ በጽሑፍ መሰከረላት። ዛሬ ጨረቃ ላይ በስሟ የሚጠራ ጉድጓድ አለ።

ጁፒተር ሃሌይን አዘገየው እንጂ አላስቀረውም። አንዳንዱን ኮሜት ግን ጭራሽ ከፀሐይ ሠፈር አውጥቶ ይወረውረዋል፤ ያ አይመለስም። ስለዚህ «ታገሱ፣ የእናንተም ጊዜ ይመጣል» የሚሉንን ሰምተን ብቻ አንቀመጥም። ማን ምን እንደሠራ አንዳችን ለሌላችን ልንጽፍ ተስማምተናል።

በ2061 በጁላይ ማለቂያ፣ ዕድሜ ከሰጠን ጋቢ ደርበን ጣራ ላይ እንወጣለን። ወሩ ሐምሌ ነውና ደመናውን እግዜር ይግለጥልን።