የጋዝ መመለሻዋ ቫልቭ

በጅቡቲ ከተማ፣ በባልባላ ውስጥ፣ ሆዳን የሚባል ሰፈር አለ። በዚያ ሰፈር የሚኖር የአንድ ባለታክሲ አሮጌ ኮሮላ፣ አረንጓዴና ነጭ ቀለም የተቀባችው፣ በየመጋጠሚያው ዘይት ታንጠባጥብ ጀመር። ለአንድ ጋራዥ ቢያሳያት «ሞተሩ ወርዶ የፒስተኖቹ ቀለበት መለወጥ አለበት» አሉት። የተጠየቀው ዋጋ ከዐቅሙ በላይ ስለ ነበር ሊሸጣት አሰበ፤ ዳሩ ግን የቤተሰቡ እንጀራ በእርስዋ ላይ የቆመ ነበር።

ከመሸጡ በፊት ራሱ ሊመረምራት ወሰነ። በሐምሌ ወር የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ ሥራውን የጀመረው ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነው ልጁ መብራት ያዘለት። ኮፈኑን ከፍቶ አውራ ጣት የምታህል ቫልቭ ከሞተሩ ክዳን ላይ በፒንሳ ነቀለና ወዘወዛት። ድምፅ አልሰጠችም።

«ደኅና ብትሆን ኖሮ ከሽ ከሽ ትል ነበር» አለ።

«አባባ፣ ይህች ዕቃ ለምን ትጠቅማለች?»

ነዳጅ ሲቃጠል ጥቂት ጋዝ በፒስተኑ ዙሪያ ሾልኮ ዘይት ወደሚጠራቀምበት ክፍል ይወርዳል። በጥንቶቹ መኪኖች ይህ ጋዝ በቱቦ ወደ መንገድ ይለቀቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ኬሚስቱ አሪ ሃገን ስሚት የሎስ አንጀለስን ሰማይ የሸፈነው ጭጋግ ከመኪናና ከነዳጅ ከሚወጣ ጋዝ እንደሚፈጠር ገለጠ። ከዚያ በኋላ በመኪኖች ላይ ከተገጠሙት የአየር ብክለት መከላከያዎች የመጀመሪያዋ ይህች ቫልቭ ናት፤ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በአሜሪካ መኪኖች ላይ ተገጠመች። ጋዙን ወደ ሞተሩ መልሳ ታስቃጥለዋለች። ስትደፈን ግን ጋዙ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በየመጋጠሚያው ይገፋዋል። በእርግጥ ዘይት የሚያፈስ ሞተር ሁሉ ሕመሙ ይህ አይደለም።

አንድ ጎረቤት ቀርቦ «ጣላትና ቱቦውን ወደ ውጭ ልቀቀው፤ ገንዘብህን ለምን ታባክናለህ?» ሲል መከረው። ምክሩ ከንቱ አልነበረም፤ እንዲያ ቢደረግ ግፊቱ ይቀንሳል። ነገር ግን ታክሲዋ ጧት ጧት የምትነሣው ትንንሾቹ ልጆች ከሚተኙበት መስኮት ሥር ነው። ባለታክሲው አመስግኖ ወደ ገበያ ሄደና አዲስ ቫልቭ ገዝቶ ተመለሰ።

ቫልቭዋን ከቱቦው ጋር አያይዞ ሞተሩን አስነሣ። ልጁ ጣቱን በአፏ ላይ ቢያደርግ አየሩ ሲስበው ተሰማውና ሳቀ። ከዚያም የደረቀውን የጎማ ቀለበት ጭምር ለውጠው በቦታዋ አስገቧት፤ ዘይቱን ጠራርገው ከታክሲዋ ሥር ካርቶን አነጠፉ።

በማግሥቱ ልጁ ከአባቱ ቀድሞ ተነሥቶ ካርቶኑን ሳበ። ሁለት ጠብታ ብቻ ነበረበት።