ቮልሷን ለምን አልሸጣትም?

ወዳጆቼ፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ «ቲቸር፣ ያቺን ቮልስ አይሸጧትም እንዴ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። አልሸጣትም። ምክንያቴን ከነዝርዝሩ ላስረዳ፣ ምናልባት ግቢው ውስጥ አሮጌ መኪና ላቆመ ሰው ይጠቅማል።

መኪናዋ የ1968 (እ.ኤ.አ.) ቮልስዋገን 1300 ናት። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ስገዛት ለአራት ዓመት ቆማ ነበር፤ ጎማዋ ተኝቷል፣ ወለሏ ዝጓል፣ የኋላ ወንበሯን ዶሮዎች ወርሰውታል። እኔ ጡረታ ወጥቼ ቤት ለቤት ፊዚክስ አስጠናለሁ። እናቴ ሱሉልታ ናት፤ እግሯ ሚኒባስ ላይ አላወጣ ካላት ቆይቷል፣ የሐኪም ቀጠሮዋ ግን አዲስ አበባ ነው። በጡረታ ገንዘብ በየቀጠሮው ኮንትራት ታክሲ አይታሰብም። ስለዚህ የምፈልገው ለሠርግ የምትከራይ፣ የምታብለጨልጭ ቮልስ ሳይሆን ጠዋት ተነስታ የምትሄድ መኪና ነበር።

መካኒኬ የመጀመሪያ ቀን ያለኝን አልረሳውም። «ቀለሙን ተወው። መጀመሪያ መቆም ትማር፣ መሄዱ ይደርሳል።» በዚሁ ሄድን። ከጠቅላላ ወጪዬ ግማሽ ያህሉ ፍሬንና ጎማ ላይ ነው የዋለው። ቀጥሎ የቤንዚን ቱቦዎች። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ቱቦው ደርቆ ከተሰነጠቀ ቤንዚኑ ጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል፤ እንደዚህ ሆነው የተቃጠሉ ቮልሶች ብዙ ናቸው። ከዕቃው ሁሉ ርካሹ ይሄ ቱቦ ነው። ባትሪውም የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ስር ነው፤ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ሊነካ ይችላል። ላዩ ላይ ወፍራም ጎማ ቆርጠን አለበስነው። የዛገው ወለል ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደበት። የቀረውን ዕቃ ሶማሌ ተራ እየዞርኩ ለቃቀምኩ።

ይሄ ሁሉ ሲያልቅ እንኳ ዳገት ላይ ታፍናለች፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ትደሰታላችሁ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተሩ ግን ይሄን አያውቅም፤ ቤንዚኑን በድሮው ልክ ይሰጣል። ቤንዚን በዛ፣ አየር አነሰ ማለት ነው። መፍትሄው ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሽ ቀዳዳ በጠበበች መለወጥ ነው። እኔ ይሄን በእኩልታ ላስረዳው ስነሳ መካኒኬ ካንዴላውን ፈትቶ አሳየኝ። «ከጠቆረ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል፣ ቡና ከመሰለ ተስማምቶታል።» አለቀ። እኔ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚፈጅብኝን በአንድ ትንፋሽ!

አሁን አያያዟ ቀላል ነው። ውሃ የለ፣ ራዲያተር የለ። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ፤ የቫልቮላውን ክፍተት ሞተሩ ሳይሞቅ ጠዋት አስተካክላለሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቺንጋዋ ዲናሞውንም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም ማራገቢያ አንድ ላይ ነው የምታዞረው። ስለዚህ ቀይዋ የባትሪ መብራት እየሄዳችሁ ከበራች «ባትሪ ነው፣ ቤት እስክደርስ» እንዳትሉ። ወዲያው ቁሙ። መለዋወጫ ቺንጋ ከመኪናዬ አይጠፋም።

ደስታዋስ? ከፋብሪካ 40 የፈረስ ጉልበት ይዛ ወጣች፤ ሩቡን ከፍታው ወሰደባት። እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ ስንወጣ አይሱዙ ሳይቀር ያልፈናል። ግን በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዳሁ በእርግጥ እየነዳሁ እንደሆነ የሚሰማኝ እሷ ላይ ብቻ ነው። የመስታወት ማጠቢያዋ ውሃ የሚረጨው በተጠባባቂው ጎማ አየር ግፊት ነው ብላቸው የማስጠናቸው ልጆች አያምኑኝም፤ ኮፈኑን ከፍቼ አሳያቸዋለሁ። የዕለቱ ትምህርት ከዚያ ይጀመራል። ሽማግሌዎች ደግሞ ሲያዩዋት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከቤተ መንግሥት የወጡባትን ቮልስ ያነሳሉ። እናቴ እንደሆነች ፊት ወንበር ላይ ተደላድላ «ይቺ ልጅ አታሳፍርም» ትላለች። ጧሪ ሆናታለች።

ጉድለቷን አልደብቅም። ኤርባግ የላትም፤ የፊት ቀበቶውን እኔ ነኝ ያስገጠምኩላት። በማታ ከከተማ አላስወጣትም፣ ከከባድ መኪና ጋር አልጋፋም። እናቴን ስይዝ ደግሞ ከሁሉም ቀስ እላለሁ።

የቀረበልኝ ዋጋ ከገዛኋትና ካደስኳት ወጪ በላይ ነው። የሚያፈስ የቤት ጣሪያ አለኝና አላጓጓኝም ብል ውሸት ነው። ግን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ በዚያ ብር የምገዛው ሌላ ደህና መኪና የለም። ብሩ ይበተናል፣ እናቴ ቀጠሮዋ ላይ መድረሷ ይቀራል። ጣሪያው በየተራው ይሠራል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መካኒኬ ዓይኑ እየደከመ ነው፤ ቫልቮላውን አሁን በጣቱ ስሜት ነው የሚለካው። አጠገቡ የሚማር ልጅ የለም። እሱ ሲያቆም እኔና እናቴም እንቆማለን፤ እዚህ ከተማ ውስጥ በቮልስ የሚኖሩ ሌሎችም እንደዚያው። ከእናንተ መካከል እጁን ማቆሸሽ የማይፈራ ልጅ የሚያውቅ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ አብረን እንከፍታለን።