ሳይሞት የቀበርነው

«ማሻሻል» የሚለውን ቃል እፈራዋለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያለ ኮሽታ ያገለገለኝ ላፕቶፕ የታመመው ከተሻሻለ በኋላ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከገረሴ ወደ አርባ ምንጭ ወረድኩ። ከደጋው ጉም ወጥቶ የሲቀላ ሙቀት ውስጥ ለገባ ሰው የመጀመሪያው ሥራ ኮት ማውለቅ ነው፤ ሁለተኛው ሥራዬ ላፕቶፔን ለአንድ የጥገና ቤት ልጅ ማስረከብ ነበር። ልጁ ሜሞሪውን ከ2 ወደ 4 ጊጋባይት አሳደገልኝ። ባለ 320 ጊጋባይቱን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ባለ 1 ቴራባይት ተካበት፤ በአሮጌው ላይ የነበረውንም ሁሉ ወደ አዲሱ ገለበጠልኝ። አሮጌውን በዋጋ ቅናሽ ለእሱው ተውኩለት። «ቲቸር፣ እንደ አዲስ ሆነ እኮ» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ለሁለት ወር ያህል።

በዚያ ዲስክ ላይ የፈተና ወረቀትም፣ ፎቶግራፍም፣ ዘፈንም ነበረ። እነዚህን ሁሉ እርሷቸው። የማይረሳው አንድ የድምፅ ቅጂ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው፣ ለበቀል የወጡ ወጣቶችን እንደመለሱ የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ ወሬው አገር ያዳረሰ ነበር። ያኔ ነው እኔ፣ የጋሞ ልጅ ነኝ ባይ፣ ሣሩ ለምን ቁጣ እንደሚያበርድ አጥርቼ እንደማላውቅ የገባኝ። በየካቲት አባቴን ከእሳቱ ዳር አስቀምጬ ስልኬን ከፈትኩ። ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ተናገረ። ዱቡሻ ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ምርቃቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ። ስልኩን ከዓመት በኋላ ገበያ ላይ ተሰረቅሁ፤ ድምፁን ላፕቶፑ ላይ ገልብጬው ስለነበር አልደነገጥኩም። አባቴ በ2013 ዓ.ም. አረፈ።

መጠኑ 96 ሜጋባይት ነበር፤ ለዛሬው ዲስክ ኢምንት ነው። አይ.ቢ.ኤም. በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝን ነበር፤ የሚይዘው ደግሞ 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ነው። የአባቴ ወግ ሃያ ያህሉን ያስፈልገው ነበር ማለት ነው።

በጥር መጨረሻ ላፕቶፑ ማንቀላፋት ጀመረ። አንድ ወረቀት ለመክፈት ቡና ተቆልቶ እስኪወቀጥ ያስጠብቃል። ከዚያ ቀጥ ይላል። በመጨረሻ በጥቁሩ መስኮት ላይ «የምነሣበት ዲስክ አጣሁ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አውጥቶ ዝም አለ። ወደ ሲቀላ ወረድኩ። ልጁ አጠፋ፣ አበራ፣ ጆሮውን ደገነ፤ «ሞቷል» አለ። ሐኪም የነገረኝ ያህል አመንኩት። ሁለተኛ ዲስክ ገዛሁ፤ ይህኛው ባዶ ሆኖ ጀመረ። ሬሳውን ይዤው ወጣሁና፣ ማግኔት ካለበት ብሎ ለሚለምነኝ የእህቴ ልጅ ሰጠሁት።

ሁለተኛው በሚያዝያ «ሞተ»። ሦስተኛውን ስገዛ ባለቤቴ «ዲስክ ከምታሳድግ በግ ብታሳድግ ይሻል ነበር» አለችኝ። እሱም በነሐሴ ማንቀላፋት ጀመረ።

እንግዲህ ጥፋተኛ ፍለጋው! እናቴ ዓይን ነው አለች። እኔ የጠረጠርኩት መብራትን ነው። የላፕቶፑ ባትሪ ስለደከመ መብራት በጠፋ ቁጥር ድርግም ይላል። ስታቢላይዘር ገዛሁ፤ ባትሪውንም ቀየርኩ። ለነገሩ ዲስክ ለዚህ መላ አለው፤ ኃይል ሲቋረጥ ከራሱ ሽክርክሪት የተረፈውን ጉልበት ተጠቅሞ የማንበቢያውን ጣት ወደ ማረፊያው ይመልሳል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ከፍታውን ከሰሰ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። የዲስኩ ጣት ሳህኑን አይነካውም፤ ከሰው ፀጉር ከሺሕ ጊዜ በላይ በቀጠነ የአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል፤ አየሩ ከሳሳ ትራሱም ይሳሳል። አብዛኞቹ አምራቾች እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ነው ዋስትና የሚሰጡት። ገረሴ ደጋ ብትሆንም ያን ያህል አትወጣም። የሆነው ሆኖ ሁላችንም ገዳዩን ስንፈልግ፣ ሟቹ በእርግጥ መሞቱን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

የጠየቀው ለመስቀል ከዩኒቨርሲቲ የመጣው የጎረቤቴ ልጅ ነው። ለመስቀል የጋሞ ልጅ ካለበት ወደ አገሩ ይገባል። ሥጋው ተቆርጦ፣ ሰዉ ጠግቦ ጨዋታ ሲመጣ፣ ስለ ሦስቱ ዲስኮች አወራሁ።

«ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሞክረዋቸዋል?» አለኝ።

አልሞከርኩም። የጥገናው ልጅም አልሞከረም። ዲስኮቹ ሁሉ የተመረመሩት እዚያው ላፕቶፕ ሆድ ውስጥ ነበር። ልጁ ከቦርሳው ዲስክ በዩኤስቢ የሚያያዝበትን ትንሽ ሣጥን አወጣ፤ ከመሳቢያዬ ሁለተኛውን «ሬሳ» አንሥቶ ከራሱ ላፕቶፕ ጋር አገናኘው። ተነሣ! የየካቲትና የመጋቢት ሥራዬ ሁሉ ተደርድሮ ታየ።

ከዚያ አንድ የማላውቀውን ነገር አሳየኝ። ዲስክ ለካ የራሱን የሕመም መዝገብ ይይዛል። ቁጥር 5 ላይ ስንት የተበላሸ ቦታ በሌላ እንደተካ ይጽፋል፤ ቁጥር 199 ላይ ደግሞ በዲስኩና በማሽኑ መካከል መንገድ ላይ ስንት ጊዜ መልእክት ተዛብቶ እንደደረሰ። የእኔው ዲስክ ቁጥር 5 ላይ ዜሮ ነው። 199 ላይ 4,318። ሦስተኛውም እንዲሁ፤ አካሉ ጤና፣ መንገዱ ብልሽት።

ላፕቶፑን ፈታው። ዲስኩን ከዋናው ሰሌዳ ጋር የሚያገናኝ፣ እንደ ጥብጣብ የሳሳ ገመድ አለ። አንዱ ቡሎን ሥር ታጥፎ፣ እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ወጥቶበታል። ዲስኩ ሲቀየር ክዳኑ ተጭኖት ኖሯል፤ ላፕቶፑ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ውስጡ ያለው ቀጭን መዳብ እየተሰነጠቀ ሄዷል። አዲሱ ገመድ የዲስክ አንድ አሥረኛ ዋጋ እንኳ አላወጣም። ይኸው እስከ ዛሬ እየሠራ ነው፤ ይህንንም የጻፍኩት በእሱ ነው።

ያን ማታ ግን ያሰብኩት ሌላ ነው። ሁለተኛው ካልሞተ፣ ሦስተኛውም ካልሞተ፣ የመጀመሪያውስ?

ጠዋት ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። ልጁ ማግኔቶቹን አውጥቶ ከምስማር ጋር ሲጫወትባቸው ከርሟል። የላፕቶፕ ዲስክ ሳህን ብዙውን ጊዜ መስታወት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ወድቆ ተንኮታኩቷል። ሌላውንስ? ይዞኝ ወደ ገብሱ ማሳ ወጣ። ሳህኑ በመካከሉ ቀዳዳ ክር ተሰክቶለት፣ ረዥም እንጨት ላይ ተንጠልጥሏል። ነፋስ ሲያዞረው ፀሐዩን እየያዘ ይወረውራል።

«አጎቴ፣ ከሰቀልኩት ወዲህ ወፍ ድርሽ አላለችም» አለኝ እየኮራ።

ቀረብ ብዬ አየሁት። የጣት አሻራ አለበት፣ ጭረት አለበት፣ የራሴም ፊት አለበት። የአባቴን ንግግር ሐሳቡን አስታውሳለሁ፤ ሣሩ ለምን እርጥብ እንደሚሆንም ነግሮኛል። ቃሉን ግን፣ ምርቃቱ የሚወርድበትን ያን አወራረድ፣ ልድገመው ብል አልችልም።

«ላውርደው?» አለ ልጁ ፊቴን አይቶ።

ገብሱ እስኪታጨድ ይቆይ አልኩት።