ማንም የማያነባት ወረቀት

አገራችን በብዛት ገብቶ ማንም የማያነበው ጽሑፍ የቱ ነው ብትሉኝ፣ መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፋ የምትመጣው ወረቀት ናት እላለሁ። እኔ የስኳር በሽታ ከያዘኝ ወዲህ ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ ስለምውጥ አንብቤያታለሁ።

ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ካለችው ብልባላ ለጥየቃ የመጡ አንድ ሽማግሌ ዘመዴም ይህንኑ ክኒን ይወስዳሉ። ካርቶኑን አወጡና «ልጄ፣ ይቺ እንግሊዝኛ ምን ትላለች?» አሉኝ። ወረቀቷ ከማቅለሽለሽና ከተቅማጥ ሌላ አንድ ከባድ ስም ታነሳለች፤ ላክቲክ አሲዶሲስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነታችን የሚያመርተውን ላክቲክ አሲድ ጉበት እየሰበሰበ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ሜትፎርሚን ይህን የጉበት ሥራ ይቀንሳል፤ ራሱም የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ ይከማቻል፣ አሲዱም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። በዓመት ከ100 ሺህ ተጠቃሚዎች ከ10 በማይበልጡት ላይ ቢደርስ ነው፤ የደረሰበት ግን ከሞት ጋር ይተናነቃል። የቅርብ ዘመዱ ፌንፎርሚን በዚሁ ጦስ እ.ኤ.አ. በ1977 ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ፈረንሳዮች ከ1957 ጀምሮ ያከሙበት ሜትፎርሚንም አሜሪካ ገበያ የገባው ገና በ1995 ነው።

ለሽማግሌው ይህን ሁሉ አልዘረዘርኩም። «አባባ፣ ሲያስመልስዎት ወይም ክፉኛ ሲያስቀምጥዎት፣ ውኃም አልወርድ ሲልዎት፣ ክኒኑን አቁመው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ትንፋሽዎ ከፈጠነ፣ ሰውነትዎ ከዛለና እንቅልፍ እንቅልፍ ካለዎት ደግሞ ቤትዎ አይደሩ» አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡና፣ «ጸበል ጠጥቼ ሲያስመልሰኝስ?»

ይህን ጥያቄ ወረቀቷ አላሰበችውም። በእሳቸው አገር ጸበል ጠጥቶ ማስመለስ በሽታው ወጣ ማለት ነው፤ ለኩላሊት ግን ውኃ ጎደለ ማለት ነው። «ጸበልዎን ይጠጡ፤ ክኒን እንደሚወስዱ ግን አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ። ካስመለስዎትም ያው ነው» አልኳቸው። ኩላሊታቸውን ተመርምረው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «እኔን ያመመኝ ስኳር ነው፤ ኩላሊቴ ደኅና ነው» አሉኝ።

መድኃኒቱን ፈርቶ የሚጥል እንዳይኖር አደራ! እኔም እየዋጥኩት ነው። ያልታከመ ስኳር የሚያጠፋው ዓይን፣ ኩላሊትና እግር ከዚህ ብርቅ አደጋ እጅግ ይበልጣል። ግን ክኒኑ ብልባላ እስኪደርስ የሄደውን ያህል ቃሉም መሄድ አለበት። በፋርማሲው መስኮት በኩል ካርቶኑን የሚያቀብለው ልጅ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጨምር፣ አንደኛው «ሲያስመልስዎት ያቁሙና ይምጡ»፣ ሁለተኛው «ኩላሊትዎን ቢያንስ በዓመት አንዴ ይመርመሩ» ቢሆን፣ ማንበብ ለማይችለው ሰው ወረቀቷ ተነበበችለት ማለት ነው።