ከስቶን ታውን እስከ ፓጄ

ዛሬ ታክሲ ልንዳ እንጂ አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ዛንዚባርን የማውቃት ከጥቁር ሰሌዳ ነው። «የቅርንፉድ ደሴት፤ የባሪያ ገበያዋ እ.ኤ.አ. በ1873 ተዘጋ» ብዬ ጽፌ አልፍ ነበር። አምና ዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ ስንሄድ፣ ከዚያ የሦስት ሰዓት ያህል በረራ ነውና፣ ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን አራት ቀን ልናርፍባት ሄድን።

ዛሬ ዶላሩን የሚያመጣላት ከቅርንፉዱ ይልቅ እንግዳው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሲቆጠር ሕዝቧ 1.9 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ2023 ብቻ ከ630 ሺህ በላይ የውጭ ጎብኚ ገብቶባታል።

ከስቶን ታውን በምሥራቁ ዳርቻ ወዳለችው ፓጄ ለመሄድ ታክሲ ያዝን። ነጂው አዛውንት ናቸው፤ 40 ዶላር አሉን። እኔ «ከ25 አልጨምርም» ብዬ ድርቅ አልኩ። ባለቤቴ ብትጎነትለኝም አልሰማሁም። ሰውዬው ተስማሙ። መንገድ ላይ ሲያጫውቱን መኪናዋ የሰው እንደሆነች፣ ማታ ማታ ለባለንብረቱ ገቢ እንደሚያደርጉ ነገሩን። ቀጥለውም «የአንተስ ሥራ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«መምህር ነኝ» አልኩ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ፓጄ ስንደርስ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ሴቶች ጎንበስ ብለው የባሕር አረም በገመድ ያስራሉ፤ ደርቆ ወደ ውጭ የሚሸጥ ነው። ውኃው እየሞቀ በመሄዱ ምርቱ ጎድሎባቸዋል። ጎብኚው ግን ፎቶግራፍ አንስቷቸው ያልፋል። ከብዙዎቹ ጎብኚዎች የአልጋውም የምግቡም ሒሳብ ገና ከአገራቸው ሳይነሱ ተከፍሎ ያለቀ ነው። ለመንደሩ ሰው የሚደርሰው ደመወዝና ከእጅ ወደ እጅ የሚሰጠው ነው። እኔም ከዚያችው ላይ 15 ዶላር ቀነስኩ። በማግስቱ ለሁለት ብርጭቆ የማንጎ ጭማቂ 14 ዶላር ስከፍል ግን ትንፍሽ አላልኩም።

አንባብያን ሆይ፣ ከዋጋ ተከራክሮ የሚወርድ ተሳፋሪ ሲያጋጥመኝ ስንት ቀን አንጀቴ አርሯል! ወደዚያች ደሴት ብትሄዱ ደስ ይበላችሁ፤ ውብ አገር ናት። ነገር ግን ከሚነዳችሁ ሰው ጋር ስትከራከሩ እኛን አስቡን።

ስንመለስ እኚያኑ አዛውንት አስጠርቼ 55 ዶላር ከፈልኳቸው። መረቁኝ፤ «መምህር» እያሉ ሸኙኝ። ታክሲ ነጂ ነኝ ለማለት ግን አፌ አልታዘዘልኝም።