ከአፏ በፊት ሳህኗን እንይ

በእኛ ሰፈር የሕፃን ክብደት የእናት የፈተና ውጤት ነው። ልጅ የታቀፈች ሴት ያገኘ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ የልጁን ጉንጭ ቆንጠጥ አድርጎ ይመዝናል። ሞላ ካለ «ጎሽ፣ እናት ማለት እንዲህ ነው» ይባላል። ቀጠን ካለ ግን «ትበላለች ግን?» ይመጣል። በዚህች አጭር ጥያቄ ውስጥ ጡትሽ በቂ ነው ወይ፣ ሥራ ስትሄጂ ማን ይይዛታል፣ ሞግዚቷስ በደንብ ታበላታለች ወይ የሚሉ ሌሎች ጥያቄዎች ተጠቅልለው አሉ።

ልጄ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። አትበላም። ወይም፣ አትበላም ይባላል። ለምን «ይባላል» እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ ጽሑፉ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እምቢታዋ ሥርዓት አለው። ገንፎው ይመጣል፤ ገብስ፣ አጃና ትንሽ ሽምብራ ያለበት ምጥን ዱቄት፣ ላዩ ላይ ለጋ ቅቤ ጠብ ያለበት። የመጀመሪያውን ማንኪያ ትቀበላለች። ሁለተኛው ሲመጣ ከንፈሯ ግጥም ይላል። ማንኪያው ሲጠጋ ወደ ግራ ትዞራለች፣ ሲከተላት ወደ ቀኝ። አምልጦ የገባውን በምላሷ ጫፍ ገፍታ አገጯ ላይ ታሳርፈውና በመዳፏ እስከ ጆሮዋ ድረስ ትቀባዋለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ማታ እኔ ራት ስበላ ጭኔ ላይ ተቀምጣ እጇን ወደ ሳህኔ ትሰዳለች። የድንች አልጫ ያራሰው እንጀራ፣ ጥፍር የምታህል ቁራሽ ስሰጣት ሳታንገራግር ትውጥና ዓይን ዓይኔን ታያለች፤ ድገሚኝ ማለቷ ነው።

ቤተሰቡ የየራሱ ምርመራ አለው። እናቴ «ጥርስ ልታወጣ ነው» ትላለች። አክስቴ የሰው ዓይን ነው ባይ ናት፤ እንግዳ ፊት ስትበላ ታይታለች፣ ከዚያ ወዲህ ነው አሉ። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንጥሏ ወርዶ ይሆናል፤ የሚያይ ሰው አውቃለሁ» አሉኝ። ነገሩ ከጨዋታ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። እንጥል መቁረጥ፣ ጉሮሮ መቧጠጥ፣ ግግ ነው ተብሎ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ከድድ ውስጥ ፈልፍሎ ማውጣት፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት «ልጁ አልበላ አለ» ከሚል ወሬ ነው። መጨረሻቸው ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው፤ ልጅ የሞተባቸውም አሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 የሕፃናትን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥሉ እንዲህ ያሉ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን፣ አዲስ ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማዋጥንም ጨምሮ፣ ያስቀጣል። እትዬን «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጤና ጣቢያ አሳይቻታለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው። ክፋት የላቸውም፤ ያሰቡልኝ መስሏቸው ነው።

ቀለል የሚመስለውና በየቤታችን ያለው ግን ማጋት ነው። የድሮው ልጁን ጭን ላይ አጋድሞ፣ እጁን ይዞ፣ አጥሚቱን በመዳፍ አፉ ውስጥ ማፍሰስ ነበር። የዛሬው ስልክ ላይ ካርቱን ከፍቶ ልጁ ፈዞ አፉን ሲከፍት ማጉረስ፣ ወይም የጡጦውን ጫፍ በመቀስ አስፍቶ አጥሚቱ በራሱ እንዲወርድ ማድረግ ነው። በኃይል የገባ ምግብ ትን ሊል፣ ወደ ሳንባም ሊወርድ ይችላል። ልጁ ሲፈዝ የገባው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረዋል፤ «ጠገብኩ» የሚለውን የራሱን ሆድ መስማት ይተዋል።

ለመሆኑ ስንት ብትበላ ነው በላች የሚባለው? የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከምንገምተው ያንሳል። ልጅ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ምግብ ይጀምራል፤ ጡቱ ግን እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። አጀማመሩ በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ነው። ጡት በደንብ የሚጠባ ልጅ ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ ከምግብ የሚፈልገው በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ ከ9 እስከ 11 ወር ደግሞ 300 ገደማ ነው። አንድ እንቁላል ብቻውን 70 አካባቢ ይሰጣል። እኛ ግን ልጅቷ ፊት የምናስቀምጠው ጎድጓዳ ሳህን ለአዋቂ ቁርስ የሚበቃ ነው፤ ግማሹ ሲተርፍ «አልበላችም» እንላለን። ወይም በተቃራኒው አጥሚቱን እናቀጥንና ትንሿን ሆድ በውሃ ሞልተን «ዛሬስ ጠጣችልኝ» ብለን እንደሰታለን። የልጅ ገንፎ ማንኪያው ጋደል ሲል ቶሎ የማይፈስ መሆን አለበት።

ስለ ልጆች ምርጫ ሳነብ ያገኘሁት አንድ የቆየ ሙከራ በጣም ገርሞኛል። ክላራ ዴቪስ የተባለች አሜሪካዊት የሕፃናት ሐኪም ጡት ገና የተዉ ሕፃናትን ሰብስባ ምግባቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ተወቻቸው። የመጀመሪያ ውጤቷን ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ በኋላ የተከታተለቻቸው ልጆች 15 ደርሰዋል። ምግቡ በትሪ ይቀርባል፤ ነርሷ ማንኪያ ይዛ አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ ልጁ በእጁ ካልጠቆመ ግን ማጉረስ ቀርቶ «ይኼ ይጣፍጣል» የሚል ፊት ማሳየት እንኳ ክልክል ነው። ልጆቹ የበሉት ለሰሚ ግራ ነው፤ አንዱ ቁርሱን ጉበት በብርቱካን ጭማቂ፣ ሌላው ራቱን እንቁላል፣ ሙዝና ወተት። ሁሉም ግን በደንብ አደጉ። ዴቪስ ታዲያ ሚስጥሩ የምግቦቹ ዝርዝር ላይ ነው ብላለች። ትሪው ላይ ሥጋ፣ እንቁላል፣ እህል፣ አትክልትና ፍራፍሬ እንጂ ስኳርም ሆነ ብስኩት አልነበረም። ልጁ ምንም ቢመርጥ የሚጎዳውን ሊመርጥ አይችልም።

ይህ ሙከራ እኔንና ልጄን ሥራ ያከፋፍለናል። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚቀርብ የእኔ ድርሻ ነው። መብላት አለመብላቷ፣ ምን ያህል እንደምትበላም የእሷ። የእሷን ድርሻ ልሥራ ብዬ ስታገል ነው የእኔ ሳይሠራ የሚቀረው።

የእንጀራው ነገርም መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪዋ ጁሊ ሜኔላና ባልደረቦቿ ፊላደልፊያ ውስጥ ሠርተው ባሳተሙት ጥናት፣ እናቶቻቸው በእርግዝና መጨረሻ ወይም በአራስነታቸው የካሮት ጭማቂ ይጠጡ የነበሩ ሕፃናት ካሮት የገባበትን ገንፎ ሲቀምሱ እንደሌሎቹ ፊታቸውን አላጨማደዱም። እናት የበላችው ጣዕም በእንሽርት ውሃና በጡት ወተት ያልፋል። እንግዲህ ልጄ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ እርድና ኮረሪማ ከማንኪያ በፊት ታውቃለች ማለት ነው። እንግዳ የሆነባት ለእሷ ተብሎ ለብቻው የተሠራው ለስላሳ ገንፎ ነው! አሁን የቤታችን አልጫና ክክ ወጥ ሲበስል ጨውና በርበሬ ከመግባቱ በፊት ለእሷ ቀንሼ አደቅቅላታለሁ። የናቀችውን ደግሞ ስመ ጥፉ አላደርገውም። አንድን አዲስ ምግብ ልጅ ለመልመድ 8፣ 10፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል፤ አብዛኞቻችን ግን ሦስተኛው ላይ «ካሮት አትወድም» ብለን መዝገቧን እንዘጋለን።

አሁን ወደ ሳህኑ ልመለስ፤ የአገራችን ችግር ያለው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት በዓይነትም በድግግሞሽም ዝቅተኛውን መስፈርት የሚያሟላ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ5 ዓመት በታች ካሉት ደግሞ 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ ልጆች ምግብ መራጭ ሆነው አይደለም። ሳህናቸው ላይ ከእህል ሌላ የሚመረጥ አልቀረበላቸውም።

ድህነት አንዱ ምክንያት ነው፤ እንቁላል ዛሬ ስንት እንደገባ ገበያ የወጣ ያውቀዋል። አቅም ባለበት ቤት ግን ሌላ ምክንያት አለ። በጾም ወራት ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ ለሕፃኗም እንቁላል አይቀቀልም፣ ወተት አይፈላም፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ልጅ እስከ 7 ዓመቱ እንዲጾም አታዝም። እናቴ ይህን የፈታችው ያለ ክርክር ነው፤ አንዲት ትንሽ ድስት ገዝታ «ይህቺ የልጅቷ ናት» አለች፣ አለቀ። ሻይ በዳቦም አለ፤ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል። ሕፃን ይዞት የተወለደው የብረት ክምችት ደግሞ 6 ወር አካባቢ ስለሚያልቅ በጣም የሚያስፈልገው አሁን ነው። ለእሷ የሚሻላት ምስር በቲማቲም፣ የደቀቀ ሥጋ፣ አልፎ አልፎ ቁራጭ ጉበት ነው። ማር እስከ 1 ዓመት አይሰጥም። ቆሎና ፈንዲሻም ትን ስለሚሉ ገና ናቸው።

ይህን ሁሉ የምታደርገው ማን ናት የሚለውም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ነው። ልጄ የመጀመሪያውን ገንፎ ስትቀምስ እኔ ቢሮ ነበርኩ፤ ማንኪያውን የያዘችው ሞግዚቷ ናት። ስለዚህ እሷንም ማስፈራራት ትቻለሁ። «ጨረሰች ወይ?» ብዬ ከጠየቅኳት ወይ ትግታታለች ወይ ደፍታው «ጨረሰች» ትለኛለች። አሁን የምጠይቃት «ዛሬ ምን አቀረብሽላት?» ብዬ ነው።

እምቢታ ሁሉ ግን ይታለፍ አልልም። ክብደቷ በእድገት መከታተያ ካርዷ ላይ ከመስመሯ እየወረደ ከሄደ፣ በበላች ቁጥር ትን ካላት ወይም ካስመለሳት፣ ጡትም እምቢ ካለች፣ ካተኮሳት ወይም ከፈዘዘች በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ነው። የእኔዋ መስመሯን ይዛ እየሄደች ነው፤ ቀጭን መስመር፣ ግን ወደ ላይ።

እና የምትወዱኝ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ስትመጡ «ትበላለች ግን?» አትበሉኝ። የሚበላ ነገር ይዛችሁ ኑ፤ እንቁላል ቢሆን ደስ ይለኛል። ከፈለገች ትበላዋለች። ካልፈለገች እኔ እበላዋለሁ፤ እኔም እኮ አጥቢ ነኝ፣ ማንም ግን «ትበያለሽ ወይ?» ብሎኝ አያውቅም።